«እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ»



በማስተማር ሥራ ላይ የቆየ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ ዓመቱ አያልፍም። ስለ ልጁ ልናነጋግረው የጠራነው አባት ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ የምንለውን ሁሉ በጸጥታ ያዳምጣል፤ በመጨረሻም ፈገግ ብሎ «እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ፤ ሲያድግ ይተወዋል» ይለናል። እኛም ነገሩን ለማቃለል የተባለ አድርገን እንወስደውና እንሰነባበታለን። በዚህ ወር ለመጻፍ የተነሳነው ስለዚሁ ዓረፍተ ነገር ነው። ማቃለያ ብቻ አለመሆኑን፣ እንዲያውም ትልቅ ማስረጃ የተሸከመ መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን፣ ያውም አንድ ልጅ ከበደልን በኋላ ነው።

የምንኖረው ደሴ ነው። ጠዋት በመደበኛ ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ደግሞ በሰፈር መድረሳ እናስተምራለን። በመድረሳው የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሆነ አንድ ደረሳ ነበረን። ዐመ ጁዝእን ከእኩዮቹ ሁሉ ቀድሞ በቃሉ ይዟል፤ ያውም እኛ አቅርተነው ሳይሆን ትልልቆቹ ሲቀሩ ከወዲያ ሆኖ በመስማት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ለውሑን ይዞ ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ይነሳል፣ ይዞራል፣ በር ላይ የተከመረውን ጫማ ሁሉ በመጠን በመጠኑ ደርድሮ ይመለሳል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ መቅራት ሲጀምሩ ሁለት ጆሮውን ይዞ ወደ ውጭ ይሮጣል። የማቅሪያው ተራ ከትናንቱ ከተለወጠ ወለሉ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። ስሙን ስንጠራው አንዳንዴ ከነጭራሹ አይሰማንም፤ አንዳንዴ ደግሞ ጥያቄውን ሳንጨርስ መልሱን ይጮኸዋል።

ንቀት መሰለን። መዳፉን በአርጩሜ ገረፍነው፤ አንድ ቀን ብቻም አይደለም። በመጨረሻም «ሌሎቹን እያወከብን ነውና ለጊዜው ቤት ይቆይ» የሚል መልእክት ለቤተሰቡ ላክን።

የዚህ ልጅ እህት ደግሞ በጠዋቱ ትምህርት ቤት የእኛው ክፍል ተማሪ ነበረች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ድምፅዋ አይሰማም፤ ማንንም አታውክም። መስኮት መስኮቱን እያየች ክፍለ ጊዜው ያልቃል፤ ደብተሯን ቤት ትረሳለች፤ የጀመረችውን ገጽ ከግማሽ ትተወዋለች። «ዝንጉ ናት» ብለን አለፍናት። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን እናውቃለን፤ ነገር ግን አንዱን ከሌላው ጋር አያይዘን አስበን አናውቅም። አንዱ ረባሽ፣ አንዷ ፈዛዛ፤ ምን ያገናኛቸዋል?

መልእክቱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን አባትየው መጡ። የሞባይልና የሬዲዮ ጥገና ሱቅ አላቸው። ሱቃቸውን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ተከፍተው ያልተገጠሙ ዕቃዎች እስከ በሩ ተከምረዋል፤ ኪራይ የሚከፈልበት ቀን በየወሩ ይረሳል፤ ግን ሌላው ባለሙያ ሁሉ ተስፋ የቆረጠበትን ብልሽት የሚያገኙት እርሳቸው ናቸው። ተቀመጡና ያችን የተለመደች ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። «ኡስታዝ፣ የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ። ሼሁ እኔንም ከሐሪማው አባረውኛል።» ሲያድግ ይተወዋል እስኪሉን ጠበቅን። አላሉም። ወለሉን ወለሉን እያዩ ቆዩና «እኔን ግን ሳድግም አልተወኝ» አሉ።

ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደንም። ከዚያ በኋላ ነው የምናገኘውን ማንበብ፣ የሚያውቁ ሐኪሞችን መጠየቅ የጀመርነው። ልጁም ከስንት ወር ቀጠሮ በኋላ አዲስ አበባ ድረስ ተወስዶ ተመረመረ። ሐኪሟ ሁለት ነገር ጽፋ ሰጠች፤ ኦቲዝምና ኤ.ዲ.ኤች.ዲ.። ከዚያም ብዕሯን አስቀምጣ አባትየውን «ከቤተሰቡ ውስጥ ማንን ይመስላል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ይህ ጥያቄ የትውውቅ ጨዋታ አይደለም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ሁለቱ ምን እንደሆኑ መናገር አለብን።

ኦቲዝም ከልጅነት የሚጀምር የአንጎል አስተዳደግ ልዩነት ነው። ሰውየው ከሌሎች ጋር የሚግባባበትን መንገድ ይመለከታል፤ ድምፅንና ብርሃንን፣ የልብስን ሻካራነትና የምግብን ጣዕም የሚቀበልበትን ስሜት ይመለከታል፤ ለተለመደና ለማይለወጥ ሥርዓት ያለውን ብርቱ ፍላጎትም ይመለከታል። አንደበታቸው ጨርሶ ያልተፈታ ልጆች አሉበት፤ እንደ ደረሳችን ትምህርት የሚቀልላቸውም አሉበት። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባለው ደግሞ ትኩረትን በፈለጉት ነገር ላይ ማቆየት መቸገር፣ መቅበጥበጥና ሳያስቡ መቅደም ነው። በአንዳንዱ ልጅ ላይ ቅብጥብጥነቱ ይጎላል፤ በሌላው፣ በተለይም በብዙ ሴቶች ልጆች ላይ፣ ቅብጥብጥነት ሳይታይ ትኩረቱ ብቻ ይበተናል። ዝንጉ የምንላቸው እነዚህን ነው። ሁለቱም የሚጋቡ በሽታዎች አይደሉም፤ የጅልነት ስሞችም አይደሉም።

ለረጅም ዘመን ሁለቱን በአንድ ልጅ ላይ አብሮ መጻፍ አይፈቀድም ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው አራተኛው የምርመራ መመሪያ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ቢቅበጠበጥም ቅብጥብጥነቱ የኦቲዝሙ አንድ ገጽታ ተደርጎ እንዲታለፍ ያዝዝ ነበር። ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው አምስተኛው መመሪያ ነው። እንግዲህ ዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት የሆናቸው እናቶችና አባቶች በልጅነታቸው ሐኪም ዘንድ ደርሰው ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ከሁለት አንዱን ብቻ ይዘው ይመለሱ ነበር። እኛ አገር ደግሞ ማን ደርሶ!

እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ሳይካያትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥንቅር፣ ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች 28 ከመቶ የሚሆኑት ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. እንዳለባቸው አስልቷል። ምርመራ ላይ ሳይደርስ ጠባዩ ብቻ የሚታይባቸው ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ይበዛል።

አሁን ወደ ቤተሰብ እንምጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ የምዕራቡ ዓለም ሕክምና ራሱ የሚያሳፍር ታሪክ አለው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 የዐሥራ አንድ ልጆችን ሁኔታ ጽፎ ኦቲዝምን ለዓለም ካሳወቀ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ጥፋተኛ የተደረገችው እናት ነበረች። ፍቅሯ እንደ ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ፣ ልጇን ያላቀፈች ተባለች። ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው ጸሐፊ ይህንኑ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አሰራጨው። የተቃወመው በርናርድ ሪምላንድ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢሆንም ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበርና እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው መጽሐፍ የነገሩ ሥር በአካል ውስጥ እንጂ በእናት ጠባይ ውስጥ አለመሆኑን ተከራከረ።

ክርክሩን ያበረታው እ.ኤ.አ. በ1977 ሱዛን ፎልስቲንና ማይክል ራተር በብሪታንያ ያደረጉት የመንትዮች ጥናት ነው። ሃያ አንድ ጥንድ መንትዮችን መረመሩ። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙት ዐሥራ አንድ ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከሁለት ዕንቁላል ከተገኙት ዐሥር ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱ አልተጋሩም። ከዚህ ይልቅ እኛን ያስገረመን ሁለተኛው ግኝታቸው ነው። ኦቲዝም ባይሆንም የንግግር ወይም የማሰብ ችግር ያለበት መንትያ ሲቆጠር፣ ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ አንድ ጥንዶች ዘጠኙ ተጋሩ። ማለትም የሚወረሰው «ኦቲዝም» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት አንድ ዕቃ ሳይሆን ከዚያ የሰፋ ነገር ነው፤ በአንዱ ወንድም ላይ በአንድ መልክ፣ በሌላው ላይ በሌላ መልክ ይወጣል።

ያ «ሌላ መልክ» አንዳንዴ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ታላላቆቻቸው የተመረመሩ ታናናሾችን ተከታትሎ ነበር። ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ያላቸው ታናናሾች ከሌሎች ልጆች ይልቅ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የመገኘት ዕድላቸው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ፤ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ያለበት ታላቅ ያላቸው ደግሞ ኦቲዝም የመገኘት ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ረባሹን ወንድምና ፈዛዛዋን እህት የሚያገናኛቸው ምን እንደሆነ ጠይቀን አልነበር? መልሱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ይህን ስንጽፍ የፈራነው ነገር አለና። «በዘር ይወረሳል» የሚለው ቃል በእኛ ኅብረተሰብ ውስጥ እንደ ቢላ ነው። ነገ ለዚያች ዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሽማግሌ ሊመጣ ሲል «የነእገሌ ዘር ጤና የለውም» የሚል አንድ ሰው ብቻ ይበቃል። ብዙ ቤተሰቦች ልጃቸውን ጓዳ የሚያስቀሩት ልጁን ጠልተው አይደለም፤ ለእህቶቹ ፈርተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ልጆች አሳዳጊ የሆኑ 102 ሰዎችን የጠየቀ ጥናት፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንዱ ያህል ደግሞ ለመደበቅ እንደሚጥሩ አግኝቷል።

ስለዚህ «ይወረሳል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በትክክል እንናገር። በአምስት አገሮች ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት የኦቲዝምን ውርስ ወደ 80 ከመቶ ገምቶታል፤ የኤ.ዲ.ኤች.ዲ.ም ከ70 ከመቶ በላይ ይገመታል። ይህ ቁጥር ሰዎች እርስ በርሳቸው ለምን እንደሚለያዩ የሚገልጽ ስሌት ነው። ኦቲዝም ያለበት አባት ከሚወልዳቸው ዐሥር ልጆች ስምንቱ ኦቲዝም ይኖርባቸዋል ማለት ፈጽሞ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት፣ ታላቁ ኦቲዝም ካለበት ከታናናሾቹ ከአምስቱ አንዱ ያህል ኦቲዝም እንደሚገኝበት አሳይቷል። አራቱ አይገኝባቸውም። ከዚህም በላይ አብዛኛው ውርስ ከአንድ «መጥፎ ዘር» የሚመጣ ሳይሆን በሰው ሁሉ ዘንድ ከተበተኑ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች የሚጠራቀም ነው። ከፊሉ በአንባቢው ቤት አለ፤ ከፊሉ በእኛም ቤት አለ። የነእገሌን ዘር የሚቆጥሩት ሽማግሌም ቢሆኑ የራሳቸውን ድርሻ ይዘው ነው የሚቆጥሩት።

አሁን ደግሞ ወደዚያ ቤት እንግባ፤ እኛን ከመጽሐፉ ይልቅ ያስተማረን ቤቱ ነውና።

ሐኪሟ ለወላጆቹ የሰጠችው ምክር ጥሩ ነበር። ልጁ የሚበላበት፣ የሚተኛበት፣ የሚቀራበት ሰዓት አይለወጥ፤ የሚለወጥ ነገር ካለ ቀድሞ ይነገረው፤ ቤቱ ጸጥ ያለ ይሁን። ከወር በኋላ ለዚያራ ስንሄድ እናትየው ቡና እያፈሉ አለቀሱ። «ኡስታዝ፣ ሰዓት ጠብቁ ተባልን። እኔ እጠብቃለሁ። የልጆቹ አባት ግን ለመግሪብ እመጣለሁ ብለው ከዒሻ በኋላ ይመጣሉ። ነገ ቦሩ ሜዳ ዘመድ ቤት እንወስድሃለን ብለው ለልጁ ይነግሩታል፤ ጠዋት እርሳቸው ረስተውታል፤ እርሱ ግን ጫማውን አስሮ በር ላይ ቆሟል። ያን ቀን ቤቱ ሲኦል ነው።»

አባትየውም እዚያው ተቀምጠው ነበር። አልተቆጡም። «ልዋሽ ብዬ አይደለም። ስነግረው ከልቤ ነው። ከዚያ ከራሴ ይጠፋል» አሉ።

በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱ ጠባዮች ሲገናኙ የሚሆነው ይህ ነው። አንደኛው ያለ ሥርዓት መኖር አይችልም፤ ሌላኛው ሥርዓት መጠበቅ አይችልም። ለልጁ የሚያስፈልገው መድኃኒት፣ ማለትም ጸንቶ የሚቆይ ልማድ፣ አባቱ ከዕድሜ ልክ ጀምሮ የተቸገሩበት ነገር ነው። ጩኸት የሚያመው ልጅና ድምፁን መቆጣጠር የሚቸግረው ወንድም በአንድ ክፍል ይተኛሉ። «ልጃችሁን ሥርዓት አስይዙ» ብለን የምንመክር ኡስታዞችና መምህራን፣ የምንመክረው ሰው ራሱ በዚያው ነገር የሚታገል ሊሆን እንደሚችል አናስብም። አባት ምክሩን ሳይፈጽም ሲቀር ግድየለሽ እንላለን፤ እናትም እንዲሁ ትለዋለች፤ እርሱም ስለ ራሱ እንዲሁ ብሎ አምኖ ኖሯል። የትዳር ሽምግልና ላይ ተቀምጠን «ቃሉን አይጠብቅም» የሚል ክስ ስንት ጊዜ ሰምተናል! ከእነዚያ መካከል ስንቱ ይህ ነበር ብለን ዛሬ እንጠይቃለን።

በአንድ ልጅ ውስጥም ይኸው ትግል አለ። ሁለቱም ያሉበት ልጅ ለውጥን ይፈራል፤ ለውጥ ካላገኘ ደግሞ ይሰለቻል። ጨዋታውን እርሱ ባለው ሥርዓት ብቻ መጫወት ይፈልጋል፤ ግን ሥርዓቱን ራሱ ሳይጨርስ ጥሎት ይሮጣል። አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍነው ተመልካች ይታለላል። በአሜሪካ ወላጆችን የጠየቀ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ በመጀመሪያ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የተባሉ ልጆች ኦቲዝማቸው የታወቀው ከሌሎቹ ወደ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑን አሳይቷል። መቅበጥበጡ ዓይን ስለሚስብ ከጀርባው ያለው ሳይታይ ይቀራል። ስሙ ሲጠራ ዝም ማለቱንም እንውሰድ። አንዱ ልጅ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለሄደ አልሰማም፤ ሌላው በያዘው ነገር ውስጥ ጠልቆ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሠላሳ ልጆች ጩኸት መካከል የእኛን ድምፅ መለየት አቅቶት ነው። ለእኛ ሦስቱም ንቀት ናቸው፤ አርጩሜውም አንድ ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ በአጭሩ፦ ለኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ፤ ብዙ ልጆችን ይረዳሉ። ኦቲዝምም ባለበት ልጅ ላይ ግን የሚሰጡት ጥቅም ያነሰ፣ የጎንዮሽ ጉዳታቸውም የበዛ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሁለቱንም አውቆ ሊያዝዝ ይገባል። ኦቲዝምን ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ አለኝ የሚል ነጋዴ ከመጣ በሩን ማሳየት ነው።

የአያትየው ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። እርሳቸው «ዓይን ነው፤ ልጁ ቁርኣን በቶሎ ስለያዘ ዓይን በላው» ባይ ናቸው። ሲያዩን ገና «ልጄ፣ አንተ የቀራህ ሰው ሆነህ እንዴት ሐኪም ቤት ትልካቸዋለህ?» አሉን። እኛም «እናቴ፣ ይቀራበት፤ እኛም እንቀራበታለን። ዱዓእና ሐኪም አይጣሉም» አልናቸው። ዓይንም ጅንም አለ ብለን የምናምን ሰዎች ነን። ነገር ግን ጆሮውን ይዞ የሚሮጥ ልጅ ሁሉ ጅን ያለበት ነው የሚል ማስረጃ የለንም። ሩቅያ ቁርኣን መቅራት ነው። ልጅን ማሰር፣ መግረፍ፣ በጭስ ማፈን፣ ምግብ መከልከል ሩቅያ አይደለም፤ ጩኸት የሚያመውን ልጅ ጆሮው ሥር መጮህም እንዲሁ። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች በከተማችን አሉ፤ ገንዘብም ይቀበላሉ። አያትየው ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። «አባቱም እንዲህ ነበር፤ እርሱንም ዓይን በልቶት ነው» ብለው አከሉበት። ሳያውቁት የእኛን ማስረጃ ነው ያጠናከሩት።

እናትየውን ግን ከሁሉም በላይ ያቆሰላቸው የጎረቤት ቃል ነበር። በእርግዝና ጊዜ ምን አይታ ነው፣ ምን በልታ ነው፣ ባሏን ምን ብላ ነው እየተባለ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። አሜሪካ በ1960ዎቹ በእናቶቿ ላይ የፈጸመችውን በደል እኛ በቡና ላይ እንፈጽመዋለን።

ልጁ ወደ መድረሳው ተመልሷል። አርጩሜው ተሰብሯል፤ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። እንዲመለስ ስንጠይቅ በአባቱ ፊት ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ እርሱም «ጫማዎቹ አሁንም ተዘበራርቀዋል?» ብሎ ነው የመለሰልን። ሌሎቹ በአንድ ድምፅ ሲቀሩ እርሱ በረንዳ ላይ ሆኖ ይቀራል። አንድ ገጽ ሳይሆን ሦስት መስመር እንሰጠዋለን፤ ይይዛል፣ አንድ ዙር ግቢውን ይሮጣል፣ ተመልሶ ሦስት ይጨምራል። ተራ የሚለወጥ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት እንነግረዋለን። በሰላት ሶፍ ላይ ግድግዳው ሥር ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ከአንድ ወገን ብቻ ሰው ስለሚነካው ይቀለዋል። አንድ ሽማግሌ በዚህ አጉረመረሙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሱጁድ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ቢወጣ እስኪወርድ ድረስ ሱጁዳቸውን እንዳስረዘሙ አስታወስናቸው። ከዚያ በኋላ ቦታውን የሚጠብቁለት እርሳቸው ሆነዋል።

በቤታቸው ደግሞ የተለወጠው ትንሽ ነገር ነው፤ እናትየው ያገኙት ዘዴ ነው። በዋናው ክፍል ግድግዳ ላይ የቀኑ ውሎ በሥዕል ተለጥፏል፤ ሱብሕ፣ ቁርስ፣ ትምህርት ቤት፣ መድረሳ፣ እራት። ለልጁ ተብሎ የተለጠፈ ቢሆንም ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሙበት አባትየው ናቸው። ቃል የሚገቡት እዚያ ላይ የጻፉትን ብቻ ነው። ያልተጻፈውን ለልጁ እንዳይነግሩ ተስማምተዋል። አንዳንዴ ይረሱታል፤ ያን ጊዜ ልጁ እጃቸውን ይዞ ግድግዳው ሥር ያቆማቸዋል።

ይህ አምድ ብዙ ቤተሰብ ዘንድ ይደርሳልና ለሚጠይቁን ቦታ እንጠቁም። በአገራችን በዚህ ረገድ ፈር ከቀደዱት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል። በወላጆች የተመሠረተው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው በአዲስ አበባ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ቤተሰብ ግን መጀመሪያ በአካባቢው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢጠይቅና ሪፈር ቢያጽፍ መንገዱ ያጥርለታል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለቀን ሠራተኛ ይህ ቀላል አይደለም። ለእነዚህ ሰዎች መጓጓዣ የመስጂድ ጀማዓዎች ሊያስቡበት ይችላሉ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ስለ አንዱ ልጅ ብቻ አትናገሩ፤ ስለ እህት ወንድሞቹ፣ ስለ አጎቶቹና አክስቶቹ፣ ስለ ራሳችሁም ተናገሩ። «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለኡስታዝ ብቻ ሳይሆን ለሐኪሙም ንገሩ።

ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ እስካሁን አልተመረመረችም። እናቷ ፈቅደዋል፤ አያቷ «ሴት ልጅ ናት፤ ስሟ ይጠፋል» ብለው ይዘዋል። አባቷ ባለፈው ሳምንት ሱቃቸው ስናልፍ ጠሩንና አንዲት ወረቀት አሳዩን፤ የቀጠሮ ወረቀት ናት፤ ሁለት ስም ተጽፎባታል። አንደኛው የልጅቱ ነው። ሁለተኛው የራሳቸው ነው። ወረቀቷን እንዳትጠፋባቸው ሱቁ መስታወት ላይ በፕላስተር ለጥፈዋታል፤ ደንበኛ ሁሉ ያያታል።